ማዳመጫውን ስንፈትን ጆሯችን ተፈተነ

ጥራት ያለው ድምፅ ለመስማት ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን የማይሰስቱ ሰዎች በዓለም ታላላቅ ከተሞች እየተሰበሰቡ የጆሮ ማዳመጫ የሚያማርጡባቸው ትርኢቶች አሉ። ለምሳሌ ያህል «ካንጃም» የተባለው ትርኢት እንደ ኒው ዮርክ፣ ለንደንና ሲንጋፖር ባሉ ከተሞች ሲካሄድ ቆይቷል። ጎብኚው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተዘዋወረ አንዱን ማዳመጫ አውልቆ ሌላውን ያጠልቃል፤ የሰማውንም በማስታወሻው ያሰፍራል። እኛም በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን በምንከታተልበት ዘመን እንዲህ ካለው ትርኢት በአንዱ ተገኝተን ነበር። ከዚያ ይዘን የወጣነው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው «ይህ ማዳመጫ ጥሩ ነው» ሲል የሚመሰክረው ስለ ዕቃው ነው ወይስ ስለ ገዛ ጆሮው የሚል ነው።

ጥያቄው ለዓመታት ከአእምሯችን ጓዳ ተቀምጦ ከቆየ በኋላ በቅርቡ በመራዊ እንደገና ተነሣ። ከባሕር ዳር በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደዚህች ከተማ ሄደን ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ስለ ድምፅ ሞገድ ስንወያይ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ የገዛሁት ኢርፎን ሁሉ ቀኝ ጎኑ ቶሎ ይደክምብኛል፤ የማይደክመው የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀን። ጓደኞቹ ሳቁ። እኛ ግን ጥያቄው በቃል የሚመለስ ሆኖ አላገኘነውም። በማግስቱ ጥቂቱን በአስፋልቱ ዳር ካሉት ሞባይል ቤቶች ገዝተን፣ ጥቂቱን ከተማሪዎቹ ተውሰን፣ አምስት ዓይነት ማዳመጫዎች በአንድ ክፍል ውስጥ በጠረጴዛ ላይ ደረደርን። የኛ ትርኢት ይህ ነበር።

የምናውቀውን ድምፅ ይዞ መፈተን

በውጭ አገር ባየነው ትርኢት ለመፈተኛነት የቀረቡት የጃዝና የሲምፎኒ ቅጂዎች ነበሩ። በመራዊ ግን የመረጥነው የአለሙ አጋን በገና፣ የማሕሙድ አሕመድን ድምፅ፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ነው። ምክንያታችን ግልጽ ነው። የማናውቀውን ሰው ፎቶግራፍ አይተን «ይመስለዋል» ወይም «አይመስለውም» ለማለት እንደማንችል ሁሉ፣ በአካል ሰምተነው የማናውቀውን መሣሪያ ድምፅ ማዳመጫው አዛብቶት እንደሆነ መፍረድ አንችልም። ማሲንቆና ከበሮ ግን በሠርጉም በክብረ በዓሉም የሰማናቸው፣ ጆሯችን ያደገባቸው ናቸው።

ከሁሉም በላይ በገና ማዳመጫን በመፈተን ረገድ አቻ የለውም ብለን እናምናለን። በገና ዐሥር ክሮች አሉት። ክሮቹ ከበግ አንጀት የሚዘጋጁ ሲሆኑ፣ በክሩና ክሩ በሚያርፍበት እንጨት መካከል «እንዚራ» የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ክሩ ሲርገበገብ ከቆዳዋ ጋር እየተነካካ ያንን ነዛሪ ድምፅ ያሰማል። በመሆኑም የበገና ድምፅ ከታች ወፍራም፣ ከላይ ደግሞ በቀጫጭን ንዝረቶች የተሞላ ነው። አንድ ክር በሴኮንድ 60 ጊዜ ቢርገበገብ፣ ከዚሁ ጋር በ120፣ በ180፣ በ240 ሄርዝና ከዚያም በላይ ይርገበገባል። ደካማ ማዳመጫ 60ውን ሄርዝ ባያሰማ እንኳ፣ አእምሯችን ከቀሩት ንዝረቶች ተነሥቶ የጎደለውን ቃና ራሱ ይሞላዋል። ዜማውን ስለምንለየው ምንም ያልጎደለ ይመስለናል። የጎደለው ግን ክብደቱ ነው።

አምስቱ ማዳመጫዎች

አንደኛው ከስልክ ጋር በካርቶን የሚመጣው፣ ላስቲክ የሌለውና በጆሮ አፍ ላይ ብቻ የሚንጠለጠለው ነው። የማሕሙድን ቃላትና ማሲንቆውን ጥርት አድርጎ አሰማን፤ በገናው ግን ክራር መሰለ። ሁለተኛው ላስቲክ ያለውና በማሸጊያው ላይ ቤዙ የተወደሰለት ነው። ከበሮው ደረት ይመታል፤ ሆኖም ዘፋኙ ከከበሮው ኋላ ተደበቀ፣ የእንዚራዋም ንዝረት ጠፋ። ይህ በሳይንስ የታወቀ ነገር ነው፤ ኃይለኛ ወፍራም ድምፅ ከእሱ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ይሸፍናል።

ሦስተኛው ከሁሉም የረከሰው ሲሆን፣ አንዲት ተማሪ አድርጋው፣ «ዘፋኙ መሀል ላይ የለም፤ ወዲያና ወዲህ ተበትኗል» አለችን። ልክ ነበረች። ብየዳውን ከፍተን ስናየው በአንደኛው ጎን ሁለቱ ሽቦዎች ተዛውረው ተበይደዋል። የግራው ገለፈት ወደ ፊት ሲገፋ የቀኙ ወደ ኋላ ይስባል፤ ስለዚህ አእምሮ ድምፁን ከመሀል ሊያስቀምጠው አልቻለም። አራተኛው የዝነኛ ኩባንያ ስም የተለጠፈበት አስመሳይ ሲሆን፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ትልቅ ነው። ለዓይን ያማረ ነበር፤ ዋሽንቱን ግን ከጣሳ ውስጥ የሚነፋ አስመሰለው። አምስተኛው አንድ ተማሪ ለብዙ ጊዜ የተጠቀመበት፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠገነ ነው። በመጀመሪያ ሲሰማ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረውም። ድምፁን ዝቅ አድርገን ስናዳምጥ ግን እንዚራዋም ከበሮውም ቃሉም በየቦታቸው የተገኙት በእሱ ብቻ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። የአምስተኛውን ላስቲክ በትንሽ መጠን ስንለውጠው ቤዙ ድራሹ ጠፋ፤ በትልቅ ስንለውጠው ተመለሰ። በአንዱ ማዳመጫ ላይ በሁለት ላስቲኮች መካከል የተሰማው ልዩነት በተለያዩ ማዳመጫዎች መካከል ከሰማነው ይበልጥ ነበር። የ50 ሄርዝ ድምፅ በአየር ውስጥ 7 ሜትር ያህል የሞገድ ርዝመት አለው። ከጥፍር የማትሰፋ ገለፈት ይህን የሚያህል ሞገድ እንዴት ታሰማለች? በማግኔት መስክ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ገለፈቷን ሲገፋና ሲስብ፣ በተዘጋው የጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ያለችው ጥቂት አየር ግፊቷ ከፍና ዝቅ ይላል። ጫፉ በጣት የተደፈነ ሲሪንጅ ማሰብ ይበቃል፤ ጣታችንን ካነሣን መግፋቱ ከንቱ ነው። ላስቲኩ በደንብ ካልገጠመ እጅግ ውድ የሆነውም ማዳመጫ ያው ጣቱ የተነሣ ሲሪንጅ ነው።

የጮኸ ሁሉ ጥሩ ይመስላል

ስለ ምርጫው በመጀመሪያ ስንጠይቅ አብዛኞቹ ተማሪዎች ቤዙ የተወደሰውን ሁለተኛውን መረጡ። ይሁን እንጂ ያ ማዳመጫ በተመሳሳይ የስልክ ድምፅ ከሌሎቹ ይልቅ ይጮኻል። እኛም በጆሮ ግምት ሁሉንም እኩል እስኪመስሉ ድረስ አስተካከልናቸውና ዓይናቸውን አስጨፍነን ደግመን አሰማናቸው። ብዙዎቹ ሐሳባቸውን ለወጡ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ወፍራም ድምፅን በሚገባ የሚሰማው ድምፁ ከፍ ሲል ነው። ስለሆነም ድምፁ በተጨመረ ቁጥር ሙዚቃው የሞላና የበለጸገ ይመስላል። ገዢው «ይህኛው ይሻላል» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚለው «ይህኛው ይጮኻል» ነው።

አንዳንድ ሰዎች፣ «ለደብተር መግዣ ለሚቸገር ተማሪ ስለ ማዳመጫ ጥራት ማውራት ቅንጦት ነው» ይሉ ይሆናል። እኛ በዚህ አንስማማም። የድምፅ ጥራት ከጤና የሚገናኘው እዚህ ላይ ነውና። የማይገጥም ወይም የሚሸፍን ማዳመጫ የያዘ ሰው ቃሉን ለመስማት ድምፁን ይጨምራል። በባጃጅና በሚኒባስ ሲሆን ደግሞ የሞተሩን ጩኸት ለመብለጥ ሌላ ይጨምራል። በደንብ የገጠመ ላስቲክ የውጩን ጩኸት 20 ዴሲቤል ያህል ሊቀንስ ስለሚችል፣ ያንን ያህል መጨመር ሳያስፈልግ ይቀራል። ላስቲኩ ደግሞ ከማዳመጫው ጋር በነፃ የሚመጣ ነው።

ግራውን ወደ ቀኝ

በመጨረሻ ሙዚቃውን አቁመን በአምስተኛው ማዳመጫ ነጠላ ቃናዎችን ዝቅ አድርገን አሰማን። የ14,000 ሄርዙን ተማሪዎቹ «ይኸው ይሰማል» ሲሉ እኛ ምንም አልሰማንም። በአርባዎቹ ዕድሜ ይህ ብዙ አያስደንቅም። ሆኖም እውነቱን ለመናገር፣ ዕድሜ ብቻውን ተጠያቂ አይመስለንም። በዶክትሬት ዘመናችን የቫክዩም ፓምፖቹን ጩኸት ለመሸፈን ማዳመጫ በጆሯችን ከተን፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተን ሌሊቶችን በቤተ ሙከራ አሳልፈናል። ዛሬ ጸጥ ባለ ክፍል ስንቀመጥ በጆሯችን ውስጥ የማያቋርጥ ቀጭን ፉጨት አለ። የእንዚራዋን የመጨረሻ ረቂቅ ንዝረት ተማሪዎቹ ሲገልጹልን እኛ በእምነት ተቀበልናቸው።

ቀጥሎ ወደ 8,000 ሄርዝ ወረድን። ይህን እኛም ሰማነው። ያ የጠየቀን ተማሪ ግን በግራው ሰምቶ፣ «ይኸው መምህር፣ የዚህም ቀኙ ደክሟል» አለን። በፊዚክስ ትምህርት መሣሪያን ከመውቀስ በፊት የሚደረግ አንድ ቀላል ነገር አለ። ማዳመጫውን ገልብጦ እንዲያደርገው ነገርነው፤ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። ዕቃው ቢሆን ኖሮ ድካሙ ከዕቃው ጋር ወደ ግራ ጆሮው ይሻገር ነበር። አልተሻገረም። ልጁ ጥቂት ዝም አለና ደግሞ ራሱ ገለበጠው። ሦስተኛም ጊዜ ገለበጠው። በዚያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

ኋላ ለብቻው ስናነጋግረው፣ ማታ ማታ ዘፈን በሚጫንበት አንድ ሱቅ እንደሚሠራና ትልቁ ስፒከር ከወንበሩ በስተቀኝ እንደሚቆም ነገረን። ምክንያቱ ያ ስፒከር ይሁን፣ የጆሮ ኩክ ይሁን፣ ወይም በልጅነት ያለፈ ሕመም፣ ይህን የሚለየው ሐኪም ነው። የኛ ሙከራም ምርመራን የሚተካ አይደለም። ሆኖም ልጁ ለስንት ጊዜ አዲስ ማዳመጫ እየገዛ እንደጣለ ስናስብ አዘንን።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

በእያንዳንዱ ውስጠኛ ጆሮ 15,000 ያህል ድምፅ ተቀባይ የጸጉር ሕዋሳት አሉ። በሰው ልጅ እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ12 እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ካላቸው መካከል ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡት በማዳመጫና በጩኸታም ስፍራዎች ምክንያት የመስማት ችሎታቸው አደጋ ላይ እንደሆነ ይገምታል። ድርጅቱ ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ዴሲቤል የሎጋሪዝም መለኪያ እንደመሆኑ፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የድምፁ ኃይል በእጥፍ ያድጋል፤ የተፈቀደውም ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት እያለ፣ በ95 ዴሲቤል ሲደርስ ለሳምንቱ በሙሉ የሚቀረው 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ብቻ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ስሌት በገዛ እጃቸው ቢሠሩት ከማንኛውም ምክር ይልቅ ያስተምራቸዋል።

የኛ አስተያየት እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ማዳመጫ ስትገዙ የምታውቁትን የአገራችሁን ድምፅ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከቻላችሁም በገና ይኑርበት። ሁለተኛ፣ የምታወዳድሯቸውን በድምፅ እኩል አድርጉና ከሁሉም ይልቅ ዝቅ ብሎ ሲሰማ ምንም የማይጎድለውን ምረጡ። ሦስተኛ፣ ለጆሯችሁ የሚስማማውን ላስቲክ ፈልጉ። አራተኛ፣ አንዱ ጎን የደከመ ሲመስላችሁ ዕቃውን ከመጣላችሁ በፊት ገልብጡት። መምህራንም በድምፅ ሞገድ ትምህርት ሰሞን ይህን ሙከራ በክፍል ውስጥ ቢያደርጉት፣ አንድ ስልክና አንድ ማዳመጫ እንጂ ሌላ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ከተማሪዎቻቸው መካከል ችግሩን ሳያውቅ የሚኖር አንድ እንኳ ቢገኝ፣ በጊዜ ወደ ሐኪም ለመላክ ይረዳል።

ከመራዊ ስንለይ ያ ተማሪ እስከ መናኸሪያው ሸኘን። ለምርመራ ባሕር ዳር እንደሚመጣ፣ እስከዚያውም ወንበሩን ከስፒከሩ እንደሚያርቅ ነገረን። ከዚያም ፈገግ ብሎ፣ «ታዲያ የትኛውን ልግዛ?» ሲል የመጀመሪያ ጥያቄውን ደገመልን። አሁን አትግዛ አልነው። ገንዘቡን ለምርመራው ያስቀምጠው፤ ያ ገመዱ በፕላስተር የተጠገነውን ግን ጓደኛው ሊያውሰው ተስማምቷል።