ጅቡቲ ለሸመታ ብቻ አይደለችም

ከአዲስ አበባም ሆነ ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያስበው ምን ገዝቶ እንደሚመለስ ነው። ሽቶው፣ ጨርቁ፣ የልጆች ጫማው፣ የወጥ ቤት ዕቃው በዝርዝር ይጻፋል። እናት ሦስቱን ወይም አራቱን ቀን ከሱቅ ሱቅ ስትዞር ትሰነብታለች፤ ልጆቹም ባሕሩን በመኪና መስኮት አይተውት ይመለሳሉ። ዓመቱን ሙሉ ከደመወዝ ላይ እየተቀነሰ የተጠራቀመ ገንዘብና በመከራ የተገኘ የዓመት ዕረፍት በዚህ መልክ ሲያልቅ ማየት ያሳዝናል። በዛሬው ዓምዳችን ይህን ጉዞ ለመላው ቤተሰብ፣ በተለይም ለእናቲቱ፣ የሚጠቅም ለማድረግ ምን መደረግ እንደሚገባው እንመለከታለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ወቅቱን መምረጥ ያሻል። የትምህርት ቤት ረጅሙ ዕረፍት ክረምት ላይ በመሆኑ ብዙዎች ሐምሌንና ነሐሴን ይመርጣሉ። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ በዝናብና በብርድ በምትያዝበት በዚያው ጊዜ ጅቡቲ ውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡር ሴትንና አረጋውያንን ይዞ በዚህ ወቅት መጓዝ ጤናን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ተስማሚው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ሲሆን፣ ለተማሪዎች ደግሞ የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ይመቻል።

የጉዞ ሰነድና የመግቢያ ፈቃድ ጉዳይ፣ እንዲሁም የባቡሩ የጉዞ ቀናት ከሳምንታት በፊት ሊጠየቁ ይገባል። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው። የጅቡቲው ጣቢያ፣ ናጋድ፣ ከመሃል ከተማው ውጭ ስለሆነ ታክሲ ከመሳፈር በፊት በዋጋው መስማማት ይበጃል። አንድ ሌላ ነገርም አይዘንጋ። ጅቡቲዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጆቹ ነው። ጀልባው “በ9 ሰዓት ይነሳል” ቢባል በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ ባሕሩ ዳር ደርሶ ባዶውን ይመለሳል።

የመጀመሪያው ማለዳ ለወደቡ ቢውል መልካም ነው። የወደቡ ቅጥር ግቢ የሥራ ቦታ በመሆኑ ያለ ፈቃድ አይገባበትም፤ ፎቶግራፍ ማንሳትም ቢሆን አስቀድሞ መጠየቅን ይጠይቃል። ሆኖም ሌስካል ከሚባለው የትናንሽ ጀልባዎች ማረፊያ አካባቢ ሆኖ መርከቦቹን ከሩቅ ማየት ይቻላል። ልጆች በዚያ ቆመው ሊሰሙት የሚገባ ቁም ነገር አለ። ኢትዮጵያ ከውጭ ከምታስገባውና ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ ከአሥሩ ዘጠኝ እጅ ያህሉ የሚያልፈው በዚህች አገር ነው። የምንጋግረው ስንዴ፣ አውቶቡሱ የሚቀዳው ነዳጅ፣ ገበሬው የሚበትነው ማዳበሪያ አብዛኛው እዚህ ተራግፎ የመጣ ነው። በአንጻሩ ቡናችን በዚሁ ይወጣል፤ አትክልትና ፍራፍሬ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ከሶማሌ ክልል በቧንቧ የሚሄድ የከርሰ ምድር ውሃም ወደ ጅቡቲ ይሻገራል። አንዱ ቤት ለሌላው ቤት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ የትምህርት ክፍል አይገኝም።

ከወደቡ ወደ መሃል ከተማው ሲገባ ቅስት ያላቸው ነጫጭ አሮጌ ሕንፃዎች የከበቡት አደባባይ ይገኛል። ስሙ ጅቡቲ ነፃነቷን ባገኘችበት ቀን፣ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ሰኔ 27 ቀን 1977) መታሰቢያነት የተሰየመ ቢሆንም፣ ሕዝቡ ዛሬም በቀድሞ ስሙ “ምኒልክ አደባባይ” ይለዋል። በአቅራቢያው እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድና ገበያው አሉ። ሸመታውም በዚሁ አጋጣሚ በልክ ይፈጸማል። ዕቃው አብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ሁሉም ነገር ርካሽ አይደለም፤ የአገር ቤቱን ዋጋ ጽፎ ይዞ ማመዛዘን ይገባል። ከቀትር በኋላ እስከ 10 ሰዓት ገደማ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ከተማው ሁሉ ይተኛል። እንግዳም እንዲሁ ቢያደርግ ይሻለዋል። ለምሳ የየመን ዓሣ ይቀመስ። ዓሣው ለሁለት ተከፍሎ በርበሬ ከተቀባ በኋላ በሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል፤ በዚያው ምድጃ ከተጋገረ ሰፊ ስስ ቂጣ ጋርም ይቀርባል።

ወደ ባሕሩ የሚኬደው በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በጀልባ የሚኬድባት የሙሻ ደሴት ለልጆች ታስደስታለች። ነገር ግን ባሕር እንደ መታጠቢያ ገንዳ አይደለም። መዋኘት የማይችል ልጅ ከአዋቂ እጅ ርቆ አይግባ፤ ጀልባ ላይ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይለብስ አይሳፈር። ከውሃው ሥር ያለው ኮራል እግር ስለሚቆርጥ ጫማ ያስፈልጋል። የጅቡቲ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ ሴቶች ሰውነትን የሚሸፍን ቀለል ያለ ልብስ ለብሰው ቢገቡ ይከበራሉ፤ ከፀሐይም ይድናሉ።

እዚህ ላይ ለአባቶችም አንድ ቃል አለን። እናት አገር ቤት ከምድጃ፣ ባሕር ዳር ደግሞ ከሻንጣና ከልጆች ልብስ ጋር የምትውል ከሆነ ዕረፍት ወጣች አይባልም። ልጅ መጠበቁና ዕቃ መጠበቁ በተራ ይሁን። እሷም ውሃው ውስጥ ትግባ።

አንድ ሙሉ ቀን ሊተርፍ ከቻለ ወደ አሳል ሐይቅ መሄድ ይገባል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኘው ይህ ሥፍራ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ ውሃውም ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። ድሮ የአፋር ነጋዴዎች ከዚህ ዳርቻ ጨው በግመል ጭነው እስከ ሸዋ ያደርሱ ነበር። በአቅራቢያው በ1971 ዓ.ም. የፈነዳው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ይታያል። ጥላ የሚባል ነገር ስለሌለ ለእያንዳንዱ ሰው ከ3 ሊትር ያላነሰ የመጠጥ ውሃ፣ ባርኔጣ፣ እንዲሁም ዓይን የነካውን ጨው ማጠቢያ ንጹሕ ውሃ መያዝ ግዴታ ነው። ልጅ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ቶሎ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ተወስዶ ፈሳሽ ይሰጠው፤ ካልተሻለው ወይም ከደነዘዘ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ከተማ ውስጥም የወባ ትንኝ ስላለ አጎበር አይረሳ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ ጅቡቲ መክረሙን ለሐኪሙ ይንገር።

በመጨረሻም፣ በጅቡቲ በርካታ ኢትዮጵያውያት እኅቶቻችን በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ። የጎረቤት ወይም የዘመድ ልጅ እዚያ ያለች እንደሆነ የዕረፍት ቀኗን አስቀድሞ ጠይቆ፣ የእናቷን በርበሬና ሽሮ አድርሶ፣ ጤንነቷን በዓይን አይቶ መመለስ ይገባል። በሻንጣ ከሚመጣው ዕቃ ሁሉ ይልቅ እናቷ የምትጠብቀው “ልጅሽን አየኋት፣ ደህና ናት” የሚለውን ቃል ነው።