ያመመው ልጅ ቤት ይዋል፤ ግን ማን ይጠብቀው?

ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና ጉንፋን ሲበዛ ከትምህርት ቤት ለወላጆች የሚደርሰው ምክር ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ቤት አስቀሩት፣ እጁን በሳሙና ያስታጥቡት ይላል። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖሩና ሁለታችሁም ማለዳ ወጥታችሁ ሲመሽ የምትገቡ ከሆነ የሰባት ዓመቱን ልጅ ለማን ትተዉታላችሁ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው ራሱ ለታመመው ሠራተኛ ነው። ልጁ ለታመመበት ወላጅ የሚተርፈው ለልዩና ከባድ ሁኔታ የሚፈቀደው እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ነው፤ ያውም በዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ልጁ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነ ደግሞ ቤት በዋለ ቁጥር እዚያ የሚመገበው ቁርስና ምሳ ይቀርበታል። እንግዲህ ብዙ እናቶች ጠዋት ፓራሲታሞል ሰጥተው መላካቸው ከግዴለሽነት አይደለም። ሆኖም መድኃኒቱ ትኩሳቱን ያበርዳል እንጂ ቫይረሱን አያቆምም። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን አስቀድሞ፣ ከታየም በኋላ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ድረስ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ልጁ ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ሙሉ ትኩሳት ሳይኖረው ከቆየ በኋላ ይመለስ። ለእሑዱ የልጆች ክፍልም ያው ነው።

ታዲያ መፍትሔው ከወዴት ይምጣ? በእኔ እምነት ከጎረቤት ነው። በየቤቱ የምንሰበሰብ የቤት ኅብረት አባላት ስለ ታመመ ልጅ ከጸለይን በኋላ፣ ነገ ከእኛ መካከል ቤት የሚውለው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ ምን አለበት? ጠባቂው ወደ ልጁ ቤት ይሂድ እንጂ ልጁ ጨቅላና አዛውንት ወዳሉበት ቤት አይወሰድ።

ለሚጠብቀው ሰው ይህን ንገሩት፦ ፈሳሽ ደጋግሞ ይስጠው፤ አጥሚትም ሻይም ይሆናል። ፓራሲታሞል በልጁ ክብደት ልክ ይሰጣል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፤ በኢንፍሉዌንዛ ጊዜ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ካለፈው የተረፈውን አሞክሳሲሊን አታስጀምሩ፤ ቫይረስን አይገድልም።

አያቶቻችን የኅዳር በሽታ ያሉት በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃው ወረርሽኝ ይኸው የኢንፍሉዌንዛ ዘር ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ማቃጠሉም ከዚያ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ዛሬ ግን ጭሱ በብሎኮቹ መካከልና በደረጃው ታፍኖ የሚያስለውን ልጅ ይብስበታል፤ ቆሻሻውን ሰብስቦ ማስወገዱ ይበቃል።

ትምህርት ቤቶችም የድርሻቸውን ይወጡ። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮቪድ መዘጋት ወዲህ ብዙ መምህራን ትምህርት በቴሌግራም መላክን ለምደዋል፤ ለቀረው ልጅ የቤት ሥራውን ቢልኩለት ወላጅም ቸኩሎ አይመልሰውም።

ከአምስት ዓመት በታች ያለ የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ረጋ ብሎ ሳለ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ያለ ልጅ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ትኩሳቱና ሳሉ ተሽሎት እንደገና ቢብስበትም እንዲሁ አድርጉ።