መግፋት ወይስ ማንኳኳት?

በቻይና ቋንቋ «ቱይቺያው» የሚባል ቃል አለ። «ቱይ» ማለት መግፋት፥ «ቺያው» ማለት ማንኳኳት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ቃልን ደጋግሞ መመዘን ማለት ይሆናሉ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ቢባል፥ ታሪኩ እንደሚከተለው ነው።

ጂያ ዳው (779–843 እ.ኤ.አ.) ቀድሞ የቡድሃ መነኩሴ የነበረ ባለቅኔ ነው። አንድ ቀን በዋናው ከተማ በቻንግአን፥ ማለት በዛሬዪቱ ሺአን፥ በአህያ ተቀምጦ ሲሄድ፥ በጨረቃ ብርሃን ወደ አንድ በር ስለ ደረሰ መነኩሴ ግጥም ይገጥም ነበር ይባላል። መነኩሴው በሩን ይግፋው ወይስ ያንኳኳው? በእጁ አንድ ጊዜ እየገፋ፥ አንድ ጊዜ እያንኳኳ ሲያስብ፥ ሳያውቀው ከከተማው ሹም ከሃን ዩ (768–824) አጀብ ጋር ተላተመ። ሃን ዩም ራሱ ታላቅ ጸሐፊ ነበርና በመቅጣት ፈንታ ፈረሱን አቁሞ ብዙ ካሰበ በኋላ ማንኳኳት እንደሚሻል ነገረው።

በዚህ ፍርድ ሁሉ የተስማማ አይደለም። ዡ ጓንግቺያን (1897–1986) የተባለው ሊቅ፥ መግፋት የመነኩሴውን ብቸኝነት ያሳያል፤ ማንኳኳት ግን በውስጥ ሌላ ሰው መኖሩን ያስታውቃል ሲል ተከራክሯል። እንግዲህ አንድ ቃል ቤቱን ባዶ ወይም ባለሰው ያደርገዋል ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ሳነብ የራሴ ጥፋት ታወሰኝ። የትምህርት ወጪዬን ለሚችሉልኝ ለታላቅ ወንድሜ ደብዳቤ ስጽፍ፥ «ቢልኩልኝ» ማለት ሲገባኝ «መላክ አለብዎ» ብዬ ጻፍሁ፤ መልሼም አላነበብሁትም። ገንዘቡ በጊዜው መጣ። ከገንዘቡ ጋር ይመጣ የነበረው የሰላምታ ወረቀት ግን ለሁለት ወር ቀረ። በሩን ማንኳኳት ሲገባኝ ገፍቼው ኖሯል።

ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ፥ ዋናው ቁም ነገር ሐሳቡ ነው፤ በቃል ላይ መጨነቅ ጊዜ ማጥፋት ነው ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በእኔ ሐሳብ ደብዳቤው ልመና ነበር፤ ወንድሜ ያነበቡት ግን ትእዛዝ ነው። አንባቢ የሚያገኘው የጻፍነውን እንጂ ያሰብነውን አይደለም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! አባቶቻችን «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። የተጻፈ ነገር ግን እስኪላክ ድረስ ገና በእጃችን ነው። ስለዚህ ድርሰታችንንም ሆነ ደብዳቤያችንን ከመስጠታችን በፊት አንድ ጊዜ መልሰን እናንብበው።