ታሽጎ የተሰጠ ድምፅም ድምፅ ነው

የስዊድን ምርጫ በቀረበ ቁጥር በሰፈራችን በቮርቢ ጎርድ፣ በእኛ በኢትዮጵያውያን መካከል፣ አንድ ወሬ ይዞራል፦ «ቀድሞ የመረጠ ሰው ድምፁን ለማያውቀው ሰው አስረከበ ማለት ነው፤ ፖስታውን ከፍተው ያዩታል፤ ካልወደዱት ይጥሉታል።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ የማከብራቸው ታላላቆቼ ናቸው። የሚሉት ግን ስሕተት ነው፤ ጉዳቱም የሚያርፈው በራሳችን ሰፈር ላይ ነው።

ፖስታው ምን እንደሚሆን እንይ። ከምርጫው ዕለት 18 ቀን በፊት ጀምሮ በአገሪቱ በየትኛውም የቅድሚያ ድምፅ መስጫ ቦታ መምረጥ ይቻላል። መራጩ ከመከለያው ጀርባ ወረቀቱን ትንሹ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ራሱ ያሽገዋል። መታወቂያውን ያሳያል፤ ሮስትኮርት የሚባለውን የመራጭ ካርዱን ይሰጣል። ተቀባዩም የታሸገውን ከካርዱ ጋር በትልቁ ፖስታ ውስጥ አድርጎ ያሽገዋል። ስሙ ያለው ከውጭ፣ ምርጫው ያለው ከውስጥ ነው። በምርጫው ዕለት ጣቢያው ከተዘጋ በኋላ ሠራተኞቹ ስሙን ከመራጮች መዝገብ ጋር ያመሳክራሉ፣ ምልክት ያደርጉበታል፣ የውጩን ፖስታ ከፍተው የውስጡን እንደታሸገ ሳጥን ውስጥ ይጨምሩታል። ከዚያ ወዲያ የማን እንደሆነ የሚለይ ሰው የለም። «ታዲያ ሁለት ጊዜ መምረጥ ይቻላላ!» ለሚሉትም መልሱ ያው መዝገብ ነው። ቀድሞ የመረጠ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ እሑድ ጣቢያው ቢሄድ የሚቆጠርለት የእሑዱ ብቻ ነው።

ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ አልንቀውምም። የኢትዮጵያን የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ያየ ሰው ቆጠራ መዘግየት ምን ይዞ እንደሚመጣ አይረሳም። ውጤቱ ለወራት ተጓተተ፤ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 አደባባይ በወጣው ሕዝብ ላይ ተተኮሰ፤ ጉዳዩን የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ። ይህን ተሸክሞ የተሰደደ ሰው እዚህ ስዊድን «ቀሪው ድምፅ ረቡዕ ይቆጠራል» ሲባል ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በ1997 ሕዝቡ በፖስታ አልመረጠም። ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ፣ በአካል ቀርቦ፣ በገዛ እጁ ሳጥን ውስጥ ነው የከተተው። በአካል መቅረቡ ድምፁን አላዳነለትም። የጎደለው ሁሉም የሚያምነው ዳኛ፣ ከመንግሥት የማይታዘዝ ቆጣሪ፣ አቤቱታን ያለ አድልዎ የሚመረምር አካል ነበር። ቁስላችን እውነተኛ ነው፤ ጥፋቱን ግን በፖስታ ላይ መጫናችን ያኔ ድምፅ የወሰደብንን ነገር እንዳንለይ ያደርገናል።

እዚህስ ቆጠራ ሲዘገይ ምን ሆነ? ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 እሑድ ማታ አሸናፊው አልታወቀም ነበር፤ ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ነበርና። ዘግይተው የደረሱት የቅድሚያ ድምፆችና ከውጭ አገር የመጡት ረቡዕ ዕለት ተቆጠሩ። በዚያው ረቡዕ በሥልጣን ላይ የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ማግዳሌና አንደርሾን መሸነፋቸውን አምነው እንደሚለቁ አስታወቁ። ውጤቱ በፓርላማው በሪክስዳግ 176 ለ173 ነበር፣ የሦስት ወንበር ልዩነት። መንግሥት ፖስታ እየመረጠ የሚጥል ቢሆን ኖሮ ያን ቀን በጣለ ነበር!

ፖስታ አይሳሳትም አልልም። በ2018 ምርጫ ፋሉን ከተማ ከመቶ የሚበልጡ የቅድሚያ ድምፆች በማጓጓዝ መዘግየት በጊዜው ሳይደርሱ ቀሩ፤ ሳይቆጠሩም ቀሩ። አቤቱታ ቀረበ፤ የምርጫ ጉዳዮችን የሚመረምረው ቫልፕሮቭኒንግስኔምደን ስሕተቱ ውጤቱን ሊቀይር ይችል እንደነበር አይቶ የኮሙኑ (የማዘጋጃ ቤቱ) ምክር ቤት ምርጫ እንዲደገም ወሰነ። የከተማው ሕዝብ ኤፕሪል 7 ቀን 2019 እንደገና መረጠ። ለመቶ ምናምን ፖስታ ሲባል የአንድ ከተማ ምርጫ በሙሉ ተደገመ። ይህን ታሪክ «አየህ፣ ፖስታ ይጠፋል» ብሎ ግማሹን ብቻ የሚያወራ ሰው እውነቱን እየሸሸገ ነው።

ስለ ፖስታ ድምፅ ከአሜሪካ በስልካችን የሚገባው ቪዲዮም እንዲሁ ግማሹን ብቻ ነው የሚያወራው። በ2018 በሰሜን ካሮላይና ዘጠነኛው የምርጫ ክልል የፖስታ ድምፅ ከሰው ቤት እየሰበሰቡ ያጭበረበሩ ነበሩ፤ ተደረሰባቸው፣ ምርጫውም ተደገመ። የ2020ው የፕሬዝዳንት ምርጫ ተጭበርብሯል የሚለው ትልቅ ክስ ግን ከ60 በላይ ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርቦ ውጤቱን የሚለውጥ ነገር አልተገኘበትም፤ ጆርጂያ ወረቀቱን በእጅ ቆጥራ ያው አሸናፊ ወጣ።

ከሰሜን ካሮላይና የምንማረው አለ። አደጋው ያለው ድምፁ ከታሸገ በኋላ ሳይሆን ከመታሸጉ በፊት፣ «ካርድህን ለኔ ስጠኝ፣ እኔ እጨርስልሃለሁ» በሚል ሰው እጅ ነው። የስዊድን ሕግ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። በሕመም፣ በእርጅና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መሄድ የማይችል ሰው መልእክተኛ ሊልክ ይችላል፤ ወረቀቱን ግን ራሱ መርጦ ራሱ ያሽጋል፣ ምስክርም ያስፈልገዋል። በደብዳቤ የሚመረጠው ከውጭ አገር ብቻ ነው፤ እሱም በሁለት ምስክሮች ፊት። ክረምቱን አዲስ አበባ የሚያሳልፍ ቤተሰብ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ጀምሮ መላክ ይችላልና የመጨረሻውን ሳምንት አይጠብቅ። ለእናቱ ወረቀት የሚመርጥላት ልጅ፣ የአባላቱን ካርድ የሚሰበስብ ማኅበር ካለ መገሠጽ ያለበት እሱ ነው። ሽማግሌዎቻችን ቁጣቸውን ወደዚያ ቢያዞሩት ትልቅ ውለታ ይሆናል።

ወሬው ማንን ከቤት እንደሚያስቀር ደግሞ እናውቃለን። እሑድ ከቅዳሴ ወጥታ አረጋውያን ቤት ፈረቃ የምትገባውን፣ አውቶቡስ የሚነዳውን፣ ሌሊት ሲያጸዳ አድሮ ቀን የሚተኛውን ነው። ለእነሱ የቅድሚያው ድምፅ ብቸኛው ዕድል ነው። መብቱም የዜጎች ብቻ አይደለም፤ ዜግነት ያላገኘ ሰው እንኳ ሦስት ዓመት ተመዝግቦ ከኖረ ለኮሙንና ለሬጊዮን (ለክልሉ) ምክር ቤት መምረጥ ይችላል፤ የውጭ ዜጎች ይህን መብት ያገኙት በ1976 ነው። የቮርቢን ትምህርት ቤትና መዋዕለ ሕፃናት የሚወስነው የሁዲንገ ኮሙን ነው፤ እኛ ቤት ስንቀር ወንበሩ ባዶ አይቀርም፣ ሌላ ሰፈር የመረጠው ይቀመጥበታል።

አሁንም የሚጠራጠር ካለ፣ እሑድ ማታ በየጣቢያው የሚደረገው ቆጠራ ለማንም ክፍት ነው፤ የረቡዕ ቆጠራም እንዲሁ። መጥቶ ይቁምና ይይ። ስሕተት ካየ ውጤቱ በይፋ ከተነገረ በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቤት ይበል፤ ፋሉንን ያስደገመው እንዲህ ያለ አቤቱታ ነው።