ስለ አሮጌ የመኪና ጎማና ስለ አርማታ ሥራ

አሮጌ የመኪና ጎማ በአገራችን በከንቱ የሚጣል ዕቃ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የእጅ ባለሙያዎች ጎማውን በቢላዋ ሰንጥቀው በረባሶ ጫማ ይሠሩበታል፤ አያሌ ገበሬም ይህንኑ ተጫምቶ አርሷል። ነገር ግን መኪና በበዛ ቍጥር ከጫማው ሥራ የሚተርፈው ጎማ ይበዛል። ትርፉ ቢቃጠል ጢሱ ሳንባን ይጐዳል፤ በሜዳ ቢከመር የዝናብ ውሃ ያቍርና ትንኝ ይራባበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬ ዳዋ የተነሣው የደንጊ ትኵሳት በትንኝ የሚተላለፍ ነውና ነገሩ ቸል የሚባል አይደለም።

ስለዚህ ጎማውን ፈጭቶ ከሲሚንቶ ጋራ ማደባለቅ ይገባል የሚለውን ሐሳብ መልካም እንለዋለን። ዳሩ ግን ጥቅሙን ብቻ ሰምተው ሥራ ለሚያስጀምሩ ሹማምንት ጕዳቱንም መንገር ያስፈልጋል። ኤልዲንና ሰኑሲ የተባሉ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ጠጠሩ በሙሉ በተቈራረጠ ጎማ በተተካ ጊዜ አርማታው ጭነት የመሸከም ኃይሉን እስከ 85 በመቶ አጥቷል። አሸዋው በሙሉ በደቃቅ ጎማ ሲተካ ግን ጕድለቱ እስከ 65 በመቶ ነበረ። ምክንያቱም ጎማ ከድንጋይ ይልቅ የለሰለሰ ነው፤ ሲሚንቶውም አጥብቆ አይዘውም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው አርማታ ክብደቱ ይቀላል፤ ሲመታም ቶሎ አይሰባበርም፤ ሙቀትንም በቀስታ ያሳልፋል።

ከዚህ የምንማረው፥ በቢላዋ የተከተፈ ጎማ ለጠጠር ምትክ ይሆናል ብሎ ሕዝቡን ማዘዝ ታላቅ ስሕተት መሆኑን ነው። ሽቦው ወጥቶለት በመኪና የተፈጨው ደቃቅ ጎማ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ለአሸዋው ጥቂት እጅ ብቻ ምትክ ይሁን። ጭነት በማይሸከም ሥራ ላይ፥ ይኸውም በእግር መንገድ፥ በግቢ ንጣፍ፥ በከብት በረት ወለልና በክፍል መለያ ብሎኬት ላይ ይዋል። ለዓምድ፥ ለመሠረትና ለጣሪያ ተሸካሚ ግን ፈጽሞ አይግባ።

በአዲስ አበባ፥ ጠመንጃ ያዥ የሚባለውን ሰፈር ለምሳሌ እንውሰድ። እንደዚያ ባለ የቈየ ሰፈር የጭቃ ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት የሚሠራ ድኻ፥ ርካሽ ነው ብሎ የጎማ ብሎኬት ለተሸካሚ ግድግዳ ቢገዛ፥ ቤቱ በልጆቹ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ተጠያቂው ማን ነው? በዚያው ከተማ፥ በልደታ፥ እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ትምህርት ቤት ሆኖ የተቋቋመው የሕንፃ ኢንስቲትዩት ይገኛል፤ ስለዚህ ለሰፈሩ ሰው የባለሙያ ምክር ሩቅ አይደለም። በሩቅ ወረዳ የሚኖር ግን ሹሙ ካልረዳው በቀር የሚጠይቀውን አያገኝም።

ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ሆይ፥ አስቀድሞ ለጫማ የሚሆነው ጎማ ለጫማ ሠሪዎች ይተው፤ እንጀራቸው ነውና። የቀረው እንዳይቃጠል ይከልከል፤ ዝናብ በማያገኘው ስፍራም ይሰብሰብ። የጎማ ብሎኬት ለመሸጥ የሚነሣ ሰው ቢኖር፥ ናሙናው በ28ኛው ቀን በባለሙያ ተጨፍልቆ ኃይሉ ሳይለካ ፈቃድ አይሰጠው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ በፈረሰ ቤት ሥር የቀረ ሰው ግን አይመለስም።