ካሜራው ሲሮጥ ሯጩ ይቆማል

ነገሩ የተጀመረው በፎርሙላ ዋን ነው። የመኪና እሽቅድምድም ወፈፌ የሆነ አንድ ወዳጅ አለን። እሁድ እሁድ ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ቀድሞ ይደርስና ባለቤቱን ለምኖ፣ ልመናው ካልሠራም ለሁላችንም ማኪያቶ አዝዞ፣ የእንግሊዝ ኳስ እስኪጀምር ድረስ ቻናሉን ወደ መኪኖቹ ያስቀይረዋል። እኛም ማኪያቶው ስላለ እንቀመጣለን። ታዲያ አንድ እሁድ ከመካከላችን አንዷ (ማን እንደሆነች አንናገርም) «እነዚህ መኪኖች ግን ያን ያህል አይፈጥኑም እኮ» አለች። ልጁ ሊፈነዳ ደረሰ። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚበሩ ነገረን። ቁጥሩን ሰማን፤ ዓይናችን ግን አላመነም።

ለነገሩ ጥፋቱ የዓይናችን አልነበረም። ካሜራው ከሩቅ እየሳበ፣ ከመኪናው ጋር እኩል እየዞረ ነው የሚቀርፀው። ስለዚህ መኪናው ሁልጊዜ የስክሪኑ መሐል ላይ ተገትሯል፤ የሚሮጠው አጥሩና ሣሩ ነው። ፍጥነት ማለት ደግሞ አንድ ነገር ከዚህ ተነስቶ ወዲያ ሲጠፋ ማየት ነው። የማይጠፋ ነገር አይፈጥንም። ወዳጃችን እንደሚለው ውድድሩን በአካል ሄደው ያዩ ሰዎች ሁሉ የሚያወሩት ይህንኑ ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ የለመዱት መኪና አጠገባቸው ሲያልፍ ሌላ ነገር ሆኖባቸው ደንግጠዋል። እሱ ራሱ አላየም። የት ያያል? በአፍሪካ ምድር የመጨረሻው የፎርሙላ ዋን ውድድር የተካሄደው በ1985 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ፣ ኪያላሚ ላይ ነው። ያኔ እሱም እኛም አልተወለድንም።

በአካል የሚያይ ሰው የሚያጣውም ብዙ ነው። ቤልጅየም ያለው የስፓ መንገድ አንዱ ዙር 7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ውድድሩ 44 ዙር። አንድ ኩርባ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው መኪኖቹን 44 ጊዜ ለጥቂት ሰከንዶች ያያቸዋል፤ በተረፈው ጊዜ ባዶ አስፋልት ላይ ያፈጣል። ማን እንደመራ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጋጨ ለማወቅ እሱም ዞሮ ዞሮ ትልቅ ስክሪን ላይ ያንጋጥጣል። ታዲያ ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ ምን ሊያደርግ ሄደ? ብለን ጠየቅን። ወዳጃችን መልስ አልነበረውም። «ብትሄዱ ይገባችሁ ነበር» አለና ቀሪ ማኪያቶውን ጠጣ።

ክርክሩ እዚያ አላበቃም፤ ቤታችን ድረስ ተከተለን። ምክንያቱም የኛ አገር የመንገድ ውድድር መኪና ሳይሆን ሰው ነው፤ እሱንም የምናውቀው በቴሌቪዥን ብቻ ነው። ቀነኒሳን፣ ትዕግስትን፣ ታምራትን የት ነው ያየናቸው? በርሊን፣ ለንደን፣ ፓሪስ ነው ያየናቸው፤ ያውም ሶፋ ላይ ተጋድመን። የሚለማመዱት ግን ከጭንቅላታችን በላይ፣ እንጦጦ ላይና በዙሪያው ነው። ለንደንና በርሊን ያሉ ሰዎች ዓመት ጠብቀው፣ መንገድ ዳር በብርድ ቆመው የሚያዩትን እኛ በታክሲ ሂሳብ ማየት እንችላለን። አናይም እንጂ።

እናም ወጣን። ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሽሮ ሜዳ ተገናኘን። ቀኑ 16 ስለነበር ታክሲው ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚሄዱ ሰዎች ጢም ብሏል፤ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ቢጫ ጀሪካን። እኛ በስፖርት ጫማና በጂንስ ነበርንና አንዲት እናት ገረመም አድርገው አዩንና «እናንተም ጸበል ናችሁ?» አሉ። «አይ እናቴ፣ ሯጮች ልናይ ነው» አልናቸው። «እንዴ! ለዚህ ብላችሁ?» አሉና ሳቁ። እሳቸው በየሳምንቱ ያዩዋቸዋል።

ከኪዳነ ምሕረት ብዙም ሳንርቅ መንገድ ዳር ቆምን። ብርዱን መግለጽ አያስፈልግም፤ ከባሕር ጠለል ወደ 3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ነን። በየአንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳር ላይ ካለው ሰው በሲሶ ገደማ ያንሳል። እኛ ዳገቱን በእግር ሃምሳ ሜትር ስለወጣን ብቻ ልባችን ጆሯችን ውስጥ ይመታ ነበር። ጉሙ ባሕር ዛፉን ሸፍኖታል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በጎናችን ቁልቁል ያልፋሉ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ቴሌቪዥን ይህን ድምፅ አሰምቶን አያውቅም፤ እዚያ ያለው የኮሜንታተሩ ወሬና የሞተር ብስክሌቱ ጩኸት ነው። ይህ ግን ብዙ እግር በአንድ ላይ መሬት ሲመታ የሚወጣ ድፍን ድምፅ፣ ከበላዩ ደግሞ ትንፋሽ ነው። ዞር ስንል ከጉሙ ወጡ፤ አለፉ፤ ጠፉ። በቃ። ስንት ነበሩ ተባባልን። አንዱ አሥራ አምስት አለ፤ ሌላዋ ከሃያ አያንሱም አለች። ማን ከፊት እንደነበር ማናችንም አላየንም። ለዚህ ነው ከእንቅልፋችን የተነሳነው? ተባለ። (የፎርሙላ ዋኑ ወዳጃችን ብቻ ፈገግ ብሏል።)

ደግነቱ የዚያን ዕለት ልምምዳቸው ዳገት ነበር። ዳገት ማለት አንዱን አቀበት በኃይል ሮጦ መውጣት፣ ዝግ ብሎ መውረድ፣ እንደገና መውጣት ነው። እናም ተመለሱ። ደግመው መጡ። በሦስተኛው ዙር ፊታቸውን መለየት ጀመርን። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰው ቀጭን ልጅ ሁሌ ከፊት ነው፤ ግራጫ ኮፍያ ያደረገው ሁሌ መሐል ተሸሽጓል። በአምስተኛው ዙር የሰማያዊው ልጅ ትከሻ ወደ ጆሮው ከፍ ማለት ጀመረ። በስድስተኛው ሁለተኛ ሆነ፤ በስምንተኛው መጨረሻ። ባለ ኮፍያው ግን ልክ እንደ መጀመሪያው ዙር ነው፤ አፉን እንኳ አልከፈተም። ሜዳልያ የለም፣ ሰዓት የለም፣ ስማቸውንም አናውቅም፤ እኛ ግን መንገድ ዳር ሆነን «አይዞህ! አይዞህ!» እያልን እንጮኻለን። ቅድም ታክሲ ውስጥ የሳቁብን እናት ጀሪካናቸውን ሞልተው ሲመለሱ አገኙን። «አበርታቸው» አሉ ወደ ሰማይ ቀና ብለው፤ ሯጮቹን ይሁን እኛን አልለየንም።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ቀነኒሳ በቀለ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲጨርስ እያንዳንዱን መቶ ሜትር በ17 ሰከንድ ገደማ ነው የሮጠው። ቴሌቪዥን ላይ ስናየው ሶምሶማ ይመስል ነበር፤ ካሜራ የያዘው ሞተር ብስክሌት ከፊቱ በእሱው ፍጥነት ይሄዳላ! ካሜራው ሲሮጥ ሯጩ ይቆማል። እኛ ሜዳማ ቦታ ፈልገን መቶ ሜትር በእርምጃ ለካንና በስልክ ሰዓት ሞከርነው። አንዷ 19 ሰከንድ ፈጀባት። ከሁላችን ጎበዝ የሚባለው በ16 ገባና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። 421 ጊዜ ይቀርሃል አልነው።

ቴሌቪዥንን ግን አንኮንንም፤ ውለታው አለብን። ያንኑ የቀነኒሳን ውድድር በርሊን መንገድ ዳር ቆሞ ያየ ሰው አንድ ብቻውን የሚሮጥ ሰው በፊቱ ሲያልፍ አየ እንጂ ከክብረ ወሰኑ በ2 ሰከንድ ብቻ ሊያንስ እንደሆነ ማወቅ አይችልም ነበር። እኛ ግን ሰዓቱን ከስክሪኑ ጥግ እያየን ጥፍራችንን በልተናል። ሲድኒ ላይ ኃይሌ ቴርጋትን የቀደመው በመቶኛ ሰከንድ ዘጠኝ ብቻ ነው፤ 27:18.20 እና 27:18.29። ይህን የሰው ዓይን ከስታዲየም ወንበር ላይ ሆኖ አይለየውም፤ ካሜራ ይለየዋል። አበበ ቢቂላ ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ አገሩ ላይ አንድም ሰው አላየውም፤ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የከፈተችው በ1957 ዓ.ም. ነውና። ያኔ ዕድሉን ያገኘ በሬዲዮ ሰማ፤ ሌላው በወሬ።

የኛ ጠብ ከቴሌቪዥኑ ጋር ሳይሆን ቴሌቪዥን ብቻ ስናይ ከምንሆነው ነገር ጋር ነው። ዳኛ ሆነናል። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. የፓሪስን የሴቶች ማራቶን ያየንበት ቤት ትዝ ይለናል። ትዕግስት አሰፋ ያን ሁሉ 42 ኪሎ ሜትር ሮጣ በሲፋን ሀሰን በ3 ሰከንድ ተቀደመች። ከእሷ የፈጠነች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ቤቱ ውስጥ ግን ትችቱ ዘነበ። ለምን ቀድማ አልወጣችም፣ ለምን አጠገቧ አስጠጋቻት፣ እንዲህ ብታደርግ ኖሮ... እንዲህ ከሚሉት ውስጥ እኛም ነበርንበት፤ አንክድም። ይህች ሴት ከዚያ 11 ወር ቀደም ብላ በርሊን ላይ በ2:11:53 ሮጣ ክብረ ወሰኑን ከ2 ደቂቃ በላይ ያሻሻለች ናት። እኛ ግን ከሶፋችን ላይ ሆነን ሩጫ አስተማርናት። ስምንት ዳገት ቆሞ ያየ ሰው እንዲህ የሚናገር አይመስለንም። ቢያንስ እኛ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አፋችን ትንሽ ተይዟል።

ሌላም አለ። ቴሌቪዥን የሚያሳየን ከፊት ያሉትን ነው። ከኋላ ያሉት አይታዩም፤ ከፊት ያሉትም ወደ ኋላ ሲቀሩ ከስክሪኑ ይወጣሉ። አሯሯጭ የሚባሉትን እንኳ የምናስተውላቸው መንገድ ዳር ወጥተው ሲቆሙ ነው። እንጦጦ ላይ ግን ሁሉም ይታያል። ልምምዱ ሲያልቅ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰውን ልጅ አናገርነው። ከገጠር ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ሕልሙ ማሸነፍ እንኳ አይደለም፤ አሯሯጭ ሆኖ ውጭ መውጣት ነው። ማራቶን በቲቪ ታያለህ ወይ አልነው። ያያል። «ግን ፊታቸውን አላይም፤ ትከሻቸውን ነው የማየው» አለ። የእሱን ትከሻ አይተን እንደነበር አልነገርነውም።

አሁን ወደሚያንገበግበን ነገር እንምጣ። በርሊን ላይ ሯጭ ሲሮጥ መንገዱ ይዘጋል። እዚህ ማን ይዘጋል? ሰባተኛው ዙር ላይ አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ቁልቁል መጣና ሯጮቹ ሁሉ ወደ ኮረኮንቹ ዘለሉ። ሾፌሩ ፍጥነት እንኳ አልቀነሰም። ልጆቹ ምንም እንዳልሆነ ተመልሰው ዳገቱን ቀጠሉ፤ የተንቀጠቀጥነው እኛ ነን። የዓለምን ማራቶን የሚያሸንፉ እግሮች የሚለማመዱት ከአይሱዙ እየሸሹ መሆኑን ቴሌቪዥን አያሳየንም።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ በወር አንድ እሁድ አንዳንድ አስፋልቶችን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛ ከፍታለች። ሐሳቡን ያመጡትን እናመሰግናለን። ታዲያ በሳምንት ሁለት ማለዳ፣ ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ከእንጦጦ መንገዶች አንዱን ቁራጭ ለሯጮች መዝጋት ምን ያህል ይከብዳል? ወደ ጸበል የሚሄደውን ሰው አንከልክል፤ ከባድ መኪናውን ብቻ ሁለት ሰዓት እናስቆመው። ቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችንም ቢሰሙን አንድ ልመና አለን። የጎዳና ሩጫ ስታስተላልፉ አንዲት ካሜራ ብቻ መንገድ ዳር ትከሉና ዝም ብላችሁ ተዉዋት፤ አትዙር፣ አትከተል። ሯጮቹ ይምጡ፣ ይለፉ፣ ይጥፉ። አምስት ሰከንድ ይበቃል። ያን ጊዜ ሶፋ ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ ይቀመጣል።

መውጣት ለምትፈልጉ፤ ታክሲ ከሽሮ ሜዳ አለ፤ ከ12 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ጋቢ ያዙ። የት እንደምትቆሙ የመረጠው የፎርሙላ ዋኑ ወዳጃችን ነው፤ በዚህስ እናመሰግነዋለን። ቀጥታው ላይ አትቁሙ ይላል። ዳገቱ መሐል ኩርባ ካለ ከኩርባው በላይ፣ በውጭ በኩል ቁሙ፤ ሲመጡም ሲሄዱም ታያላችሁ፣ አይሱዙ ቢመጣም የምትዘሉበት ቦታ አለ።