የሰሊጥ መዝገቡ በተጠቃሚው ይደርደር ወይስ በገባበት ተራ ይጽና?

ይደርደር
(ፕሮግራም ሠሪው)

ጥቅምትና ኅዳር ለመተማ የሰሊጥ ጊዜ ነው። በመጋዘኑ ኮምፒውተር ላይ ያለው ሠንጠረዥ በየቀኑ ይረዝማል፤ ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ስም፣ ቀበሌ፣ ኩንታል። ገበሬው መጥቶ «እስካሁን ያስገባሁት ስንት ደረሰ?» ሲል መዝጋቢው ጣቱን ስክሪኑ ላይ እያስኬደ ከላይ እስከ ታች ይፈልጋል። «ስም» የሚለውን የዓምድ ራስጌ አንዴ ቢጫን ግን የሰውየው ርክክብ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣለት ነበር። ይህን መከልከል ኮምፒውተሩን ደብተር ማድረግ ነው።

ሥራውም አይከብድም። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው 6ኛ እትሙ ለሠንጠረዦች መደርደሪያ አብሮ ሰጥቶናል፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዳችን እንጽፈው ነበር። ዋናው ጥንቃቄ ኩንታል ቁጥር መሆኑን ለፕሮግራሙ መንገር ነው። ካልተነገረው እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ 100ን ከ9 ያስቀድማል።

ተራው አይነካ
(መዝጋቢዋ)

ወንድሜ ስለ ኩንታሉ ያሉት ልክ ነው፤ ስሙን ግን ዘለሉት። የዞናችንን ከተማ እንኳ አንዱ ገንዳ ውሃ፣ ሌላው ገንዳ ውኃ ብሎ ይጽፋታል። ኃይሌም በሃ፣ በሐና በኃ ይጻፋል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ፊደል፤ ሐን ከለ ቀጥሎ፣ ኀን ከቸ በኋላ ያስቀምጠዋል። የአንድ ሰው ርክክብ ሦስት ቦታ ይበተንና ገበሬው ከፊሉን ብቻ አይቶ ይሄዳል። ወሩ በስም ከተጻፈም ኅዳር ጥቅምትን ይቀድማል።

ከዚህ የባሰም አይቻለሁ። በአንድ መጋዘን ባልደረባዬ ሠንጠረዡን በኩንታል ደርድሮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ሚዛን አረመ። ፕሮግራሙ ያረመው ግን በመጀመሪያው መዝገብ ሦስተኛ የነበረውን ሰው ነበር። ሁለት ገበሬዎች እኔ ፊት ሲካካዱ ዋልኩ፤ ሁለቱም ግን እውነታቸውን ነበር። መዝገብ ምስክር የሚሆነው በገባበት ተራ ሲቆይ ነው።

መልስ
(ፕሮግራም ሠሪው)

እህቴ፣ ያ ስህተት የመደርደር ሳይሆን የእኛ የሠሪዎቹ ነው። በስክሪን የሚታየው ረድፍ ቁጥርና በመዝገቡ ውስጥ ያለው ይለያያሉ፤ ከማረም በፊት አንዱን ወደ ሌላው መመለስ ግዴታችን ነበር፤ መመለሻውም ከመደርደሪያው ጋር አብሮ ተሰጥቷል። ሀ፣ ሐና ኀንም ሲነጻጸሩ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ማድረግ ይቻላል። የተጻፈው ስም አይለወጥም።

የመጨረሻ ቃል
(መዝጋቢዋ)

እንግዲያው ሥሩትና አሳዩን። እስከዚያ ድረስ የደረሰኝ ቁጥሩ ከረድፉ አይለይ፤ ወደ መግቢያው ተራ የሚመልስ ቁልፍም ከፊታችን ይሁን። የተደረደረ ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ የደረሰኝ ቁጥር ሳይጠየቅ ማረሚያው አይከፈት።